ብርሃን፣ ጨረርና ጨረራ፦ ስለ ሌዘርና ስለ ብርሃን ነክ ፈጠራዎች ስያሜ የቀረበ ሂስ

ባዕድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ በተርጓሚዎችና በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ዘንድ በቅድሚያ የሚነሣው ክርክር «ቃሉ ይወሰድ ወይስ ይተርጐም?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ሙያው ለያይቶ የሚያያቸውን ነገሮች ስያሜው ለያይቶ ይጠራቸዋል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ከተጠሩ፣ ስሙ ከግእዝ ቢወጣም ከእንግሊዝኛ ቢወሰድም አንባቢው መሳሳቱ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሌዘር፣ ብርሃን በሚያስተላልፉ ክሮች፣ በብርሃን በሚነበቡ ዲስኮችና በዘመኑ መብራቶች ረገድ የሚሠራባቸውን የአማርኛ ስያሜዎች በዚህ ሚዛን መመርመር ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ሌዘር፦ ስምና ፍች

«ሌዘር» የሚለው ቃል በተወለደበት በእንግሊዝኛም ቢሆን ያለ ተቀናቃኝ አልጸናም። ቻርልስ ታውንስና ባልደረቦቹ በ1954 ማይክሮ ሞገድን የሚያጐላ መሣሪያ ሠርተው «ሜዘር» ብለውት ነበር። ታውንስና አርተር ሻውሎ በ1958 ይህንኑ ስልት ወደ ብርሃን ለማሸጋገር የሚቻልበትን መንገድ ሲያትሙም ነባሩን ስም አልለቀቁም፤ የታሰበውን መሣሪያ የጠሩት «የብርሃን ሜዘር» በማለት ነው። «ሌዘር» የሚለውን ስም ጎርደን ጉልድ በ1957 በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎት ይገኛል። ቴዎዶር ሜይማን በግንቦት 1960 ከሩቢ ድንጋይ የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ በኋላ ሁለቱ ስሞች ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ሲሠራባቸው ቆይተው በመጨረሻ አጭሩ ጸና።

የሌሎች ቋንቋዎች ልምድም ትምህርት ይሰጣል። በሶቪየት ኅብረት፣ ከታውንስ ጋር የ1964ን የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ባሶቭና ፕሮኮሮቭ በሠሩበት አገር፣ «ብርሃናዊ የኳንተም ጄኔሬተር» የሚል ፍች የሚሰጥ ረጅም ስያሜ በሙያ ጽሑፎች ገብቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በንግግርም በጽሑፍም ያሸነፈው የውሰት ቃሉ ነው። በቻይና ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። የሳይንስ ሊቁ ቺየን ሽዌሴን በ1964 «የተቀሰቀሰ ብርሃን» የሚል ትርጉም ያለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል አቅርቦ፣ ቃሉ ቀድሞ የነበረውን የድምፅ ግልባጭ ተክቶ ጸና። ከሁለቱ አገሮች የምንረዳው፣ ስያሜን የሚያጸናው አገር በቀልነቱ ወይም ባዕድነቱ ብቻ ሳይሆን ለአፍ መቅለሉና በየዐረፍተ ነገሩ ያለ ችግር መግባቱ እንደ ሆነ ነው።

በአማርኛ ምሕጻረ ቃሉን ዘርዝሮ «በተቀሰቀሰ የጨረራ ልቀት ብርሃንን ማጉላት» ማለት ይቻላል። ይህ ግን ለፍች መነሻ ይሆናል እንጂ ስም አይሆንም። ሌላም እንከን አለበት። አብዛኞቹ የሌዘር መሣሪያዎች ከውጭ የመጣ ብርሃንን የሚያጐሉ ሳይሆኑ በሁለት መስተዋቶች መካከል የራሳቸውን ብርሃን የሚፈጥሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው የእንግሊዝኛውንም ጉድለት አብሮ ይተረጕማል። «ሌዘር» በውሰትነቱ ይጽና። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት አለበት፤ በገበያ አማርኛ «ሌዘር» የተለፋ ቆዳም ነው፣ «የሌዘር ጃኬት» እንዲሉ። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ቢገጥሙም ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ በሁለት ራስጌ ቃላት ሊመዘገቡ ይገባል። የሌዘር ፍችም «ኀይለኛ ብርሃን» በሚል ሊታለፍ አይገባውም። አይንሽታይን በ1917 እንዳሳየው፣ ኀይል ያዘለ አቶም በብርሃን ቅንጣት ሲቀሰቀስ በሞገድ ርዝመት፣ በአቅጣጫና በሞገድ እርምጃ ያንኑ የምትመስል ሁለተኛ ቅንጣት ይለቃል። ሌዘርን ከፓውዛ የሚለየው የኀይሉ ብዛት ሳይሆን ይህ አንድ ወጥነቱ ነው።

ለ. ጨረርና ጨረራ

ከሁሉ የከፋው ድብልቅልቅ ያለው «ጨረር» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በነባር አገባቡ የፀሐይን ጮራ ያመለክታል። በሒሳብ ትምህርት ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በአንድ አቅጣጫ የሚዘልቅ መስመር «ጨረር» ተብሏል። በፊዚክስ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ የብርሃን ጅረትም፣ ከአንድ ምንጭ በሞገድ ወይም በቅንጣት መልክ የሚሠራጭ ማናቸውም ኀይልም በዚሁ ስም ይጠራል። «የጨረር ሕክምና» ሲባል ደግሞ ሰሚው ካንሰርን ያስባል። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሲሸከም ሌዘር ምን ይሆናል? የዓይን ሐኪም «በሌዘር ጨረር እናክምሃለን» ያለው ሕመምተኛ የአቶም ጨረር ሊያርፍበት ነው ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የሚታየው የሌዘር ብርሃን አቶሞችን ወደ አዮንነት የሚለውጥ አይደለምና ፍርሃቱ ቦታውን የሳተ ነው። በሌላ በኩል፣ የሌዘር ብርሃን የዓይንን ውስጠኛ ገጽ ሊያቃጥል የሚችል መሆኑ በዚሁ ድብልቅልቅ ውስጥ ይሰወራል።

በሌዘር መሣሪያዎች ላይ የሚለጠፈውን የታወቀ የጥንቃቄ ጽሑፍ እንመልከት። ጽሑፉ ሁለት ቃላትን ለያይቶ ይጠቀማል፤ በመጀመሪያ የሚሠራጨውን ኀይል ይጠቅሳል፣ ቀጥሎ «ወደ ጅረቱ አትኩረው አይመልከቱ» ይላል። ተርጓሚ ሁለቱንም «ጨረር» ካለ የጽሑፉ መልእክት ግማሹ ይጠፋል፤ የትኛው አደጋ እንደ ሆነ፣ የትኛው ደግሞ መንገዱ እንደ ሆነ አይታወቅምና።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። «ጨረራ» የሚለው ቅርጽ «የኢትዮጵያ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን» በተሰኘው የመሥሪያ ቤት ስያሜ ገብቶ በሕግ ቋንቋ ተለምዷል። እንግዲህ የሚሠራጨው ኀይል በጠቅላላው «ጨረራ»፣ አቅጣጫ ያለው ጅረት «ጨረር» ይባል። ያን ጊዜ ጥንቃቄው «የሌዘር ጨረራ፤ ጨረሩን አትኩረው አይመልከቱ» ተብሎ ያለ ማሻማት ይተረጐማል። አቶምን የሚያናውጠው ዓይነትም «አዮን ፈጣሪ ጨረራ» ተብሎ በቅጽሉ ይለያል። እዚህ ላይ «ራጅ» የሚለውን ቃል ማስታወስ ይበጃል። በጣሊያንኛ ትርጉሙ ጨረር ማለት ነው፤ ወደ አማርኛ ሲገባ ግን ሌላ ተግባር ስላልነበረው ለአንድ የሕክምና ምርመራ ብቻ ተመደበ። «ራጅ ተነሣ» የተባለ ሰው ምን እንደ ተደረገለት አይጠይቅም። የውሰት ቃል ባዶ እጁን መምጣቱ አንዳንድ ጊዜ ሀብት ነው።

ሐ. የማይታይ ብርሃንና የመስታወት ክር

«ብርሃን» በአማርኛ የጨለማ ተቃራኒ ነው፤ የሚታይ ወይም የሚያሳይ ነገር ነው። በፊዚክስ ግን ለዓይን የማይታየውም ታሕተ ቀይ ክፍል ብርሃን ይባላል። ይህ የትርጉም ልዩነት የሚያደርሰው ጉዳት በመገናኛ ክሮች ላይ ጎልቶ ይታያል። «ፋይበር ኦፕቲክስ» የሚለውን ስም ናሪንደር ካፓኒ በ1960 ሲያስተዋውቅ ስሙ የዕውቀት ዘርፍ ስም ነበር። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆካም በ1966፣ መስታወቱ በበቂ ሁኔታ ከጠራና የብርሃን ብክነቱ በኪሎ ሜትር ከ20 ዲሲቤል ካልበለጠ፣ ማለትም ከ1 ኪሎ ሜትር በኋላ ከመቶው አንዱ እጅ ከተረፈ፣ ክሩ ለስልክ መገናኛ እንደሚውል አሳዩ። በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ተመራማሪዎች 17 ዲሲቤል ደረሱ፤ የዛሬዎቹ ክሮች ብክነት ወደ 0.2 ዲሲቤል ወርዷል። በ1988 የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ገመድ አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻገረ፤ ካኦም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በአማርኛ ዛሬ «ፋይበር» የማይሆነው ነገር የለም፤ ክሩም፣ ገመዱም፣ አገልግሎቱም፣ ዘርፉም ፋይበር ነው። ከመስታወት ቃጫ የሚሠራው ጠንካራ ልባጥም እንዲሁ። ከምግብ ጋር ሲሆን ግን «አሰር» የሚል ጥሩ ቃል ስላለው ከዚህ ድብልቅልቅ ወጥቷል። በሌላ ወገን «የብርሃን ገመድ» ያሉም አሉ፤ ይህ ለብዙ ሰሚ የመብራት ገመድ ይመስለዋል። ክርና ገመድ ይለዩ። ክሩ ስፋቱ 125 ማይክሮ ሜትር ያህል የሆነ መስታወት ነው፤ ገመዱ ብዙ ክሮችን በልባስ ያቀፈ ነው። የክሩ ውስጠኛ እምብርትና ሽፋኑ ብርሃንን የሚሰብሩበት መጠን ስለሚለያይ፣ ብርሃኑ በወሰናቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ እየተንጸባረቀ ይጓዛል። ስለዚህ «ብርሃን መሪ ክር» ማለት ሥራውን ይገልጻል። በንግግር «ፋይበር» መባሉን ማንም አይከለክልም።

ነገር ግን ፍችው አንድ ነገር ሳይጨምር መታተም የለበትም። በረጅም መስመሮች ላይ የሚሠራበት ብርሃን 1310 ወይም 1550 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ የሰው ዓይን ግን በግምት ከ700 ናኖ ሜትር በላይ አያይም። «ብርሃን» በሚለው ቃል የተማመነ ጀማሪ ሠራተኛ የተቆረጠውን ክር ጫፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ምንም ስላላየ መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ሊደመድም ይችላል። የሚታይ ብርሃን ሲበረታ ዓይን በራሱ ይጨፈናል፤ ለማይታየው ግን አይጨፈንም። ስለዚህ በፍችው ውስጥ «የሚታይ ወይም የማይታይ ብርሃን» የሚሉት ቃላት ትርፍ አይደሉም።

መ. ሸክላ፣ ዲስክና መቅዳት

የሙዚቃ ማጫወቻ ዲስክ መጀመሪያ ሲመጣ አማርኛ «ሸክላ» አለው። መሥሪያው በኋላ ወደ ፕላስቲክ ቢለወጥም ስሙ አልተለወጠም። በ1982 ፊሊፕስና ሶኒ በሌዘር የሚነበበውን ዲስክ ለገበያ ሲያቀርቡ ግን ሸክላ አልተዘረጋለትም፤ «ሲዲ» ተባለ። ይህ በደል አይደለም። በሸክላው መርፌ ቦዩን እየዳሰሰ ያልፋል፤ በሲዲው ግን የሚዳስስ ነገር የለም፤ 780 ናኖ ሜትር የሆነ የሌዘር ጨረር ተንጸባርቆ ሲመለስ ይነበባል። የወል ስም ሲያስፈልግ «በብርሃን የሚነበብ ዲስክ» ቢባል ሲዲውንም፣ በ1996 የወጣውን ዲቪዲም፣ በ2006 የተከተለውን ብሉ ሬይም ያቅፋል። የመጨረሻው በስሙ «ሰማያዊ ጨረር» ቢመስልም የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖ ሜትር ስለሆነ ቀለሙ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ የንግድ ስም እንደ ሙያ ቃል ሊተረጐም እንደማይገባ ምስክር ነው።

ተርጓሚዎች ስለ ዲስኩ አሠራር ሲጽፉ «ጉድጓዱ 1፣ ሜዳው 0 ነው» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በሲዲ ላይ 1 የሚባለው ከሜዳ ወደ ጉድጓድ ወይም ከጉድጓድ ወደ ሜዳ የሚደረገው ሽግግር ነው፤ ሽግግር የሌለበት እርምጃ ሁሉ 0 ነው። በመሆኑም «ጠርዝ» የሚለው ቃል ከ«ጉድጓድ» ባልተናነሰ በመዝገቡ ሊገባ ይገባዋል።

ባዶ ዲስክ ላይ መጻፍን «ማቃጠል» ማለትም ከእንግሊዝኛው የተቀዳ ክፉ ልማድ ነው። በአማርኛ የተቃጠለ ዕቃ ከአገልግሎት የወጣ ነው፤ «አምፖሉ ተቃጠለ» እንላለን። ሰነዱን ዲስክ ላይ ያሰፈረ ሰው «አቃጠልሁት» ቢል ሰሚው ማዘኑ አይቀርም። ውኃ ከምንጭ ወደ እንስራ፣ ዜማም ከካሴት ወደ ካሴት የሚተላለፍበት «መቅዳት» ካለን ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ሌዘሩ የዲስኩን ቀለም በሙቀት እንደሚለውጥ በፍችው ይገለጽ።

ሠ. መብራትና ሻማ

አማርኛ ብርሃንንና መብራትን ለይቶ ማስቀመጡ ሀብት ነው፤ የመጀመሪያው ነገሩ ራሱ፣ ሁለተኛው ሰው ያበጀው ምንጭ ነው። «መብራት» ለኤሌክትሪክ ጭምር ማገልገሉ ግን ተርጓሚን ሊያስቸግር ይችላል። አንዳንዶች በአንድ ገጽ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን መጠን «አብርሆት» ይሉታል፤ ቃሉ ግን ለአእምሮ መብራትና ለአውሮፓ የአስተሳሰብ ዘመን አስቀድሞ ተይዟል። «የብርሃን አራራፍ» ማለት ከዚህ ይሻላል፤ መለኪያውም ሉክስ ነው።

በገበያ «ባለ 60 ሻማ አምፖል» ሲባል 60 ዋት ለማለት ነው። ሻማ በመሠረቱ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ሆኖ ሳለ ለኤሌክትሪክ ፍጆታ ተላለፈ። በሽቦ አምፖል ዘመን ሁለቱ አብረው ስለሚያድጉ ችግሩ አልታየም። ኒክ ሆሎንያክ በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ካሳየ፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራም ሰማያዊውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካስገኙ በኋላ ግን ዝምድናው ፈረሰ። የ60 ዋት ሽቦ አምፖል የሚሰጠውን 800 ሉመን ያህል ብርሃን ዛሬ ከ8 እስከ 10 ዋት በሚፈጅ የዳዮድ መብራት እናገኛለን። «ስንት ሻማ ነው?» የሚለው የገዢ ጥያቄ የትኛውን እንደሚጠይቅ አልታወቀም። መዝገቡ «ሻማ»ን በሁለት ተራ ፍች አስፍሮ፣ ለፍጆታ «ዋት»ን፣ ለሚፈስሰው ብርሃን «ሉመን»ን ሊመክር ይገባል። «ብርሃን አመንጪ ዳዮድ» የሚለው ስያሜ ተለምዷልና ይቀመጥ፤ ሆኖም የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያው ዳዮድ የማይታይ ብርሃን እንደሚለቅ መጨመር እዚህም ግድ ነው።

ከዚህ በላይ የተባለው ሲጠቃለል፦ ሌዘር በውሰትነቱ ይጽና፤ ጨረር ከጨረራ፣ ክር ከገመድ፣ ብርሃን ከመብራት፣ ሻማ ከዋት ይለይ፤ «ማቃጠል» ለ«መቅዳት» ቦታውን ይልቀቅ። ከነዚህ መካከል አዲስ የተፈጠረ ቃል ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም፤ የቀሩት በአፋችን ያሉ ናቸው። የጎደለው እያንዳንዱን በድርሻው ማቆም ነው። ይህም ሥራ ለመዝገብ ውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የጥንቃቄ ጽሑፉን የሚያነብበው ሠራተኛና ሕመምተኛ የሚታመኑት በተርጓሚው ቃል ነውና።