ፍርሃት የሚያገዝፈው ምንን ነው? የጻቮ አንበሶች ትረካ ከቋንቋ አንጻር ሲመረመር

ፍርሃትና ግርማ አንድን ፍጡር ከመጠኑ በላይ አግዝፈው ያሳያሉ የሚለው አስተያየት ብዙውን ጊዜ ያለ ምርመራ ይወሰዳል። ይህ አጭር ሂስ የሚገዝፈው በእርግጥ መጠን ነው ወይስ ሌላ ነገር ሲል ይጠይቃል።

ማስረጃው የፓተርሰን መጽሐፍ ነው። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1898 በኬንያ በጻቮ ወንዝ ላይ የባቡር ድልድይ ያሠራ ነበር፤ ሠራተኞችን እየነጠቁ ይበሉ የነበሩትን ሁለት አንበሶች የገደለውም እሱ ነው። በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሠራተኞቹ አንበሶቹን የአንበሳ መልክ የያዙ አጋንንት አድርገው ያዩ እንደ ነበር ይተርካል። ራሱን ግን እንደ ለኪ ያቀርባል፦ አንደኛው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 9 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ሁለተኛው 9 ጫማ ከ6 ኢንች። ይህ ማንኛውም ትልቅ ወንድ አንበሳ የሚደርስበት መጠን ነው። እንግዲህ ሜትሩ አልዋሸም።

ያደገው ሌላ ነው። በ1907 ሟቾቹ 28 ሕንዳውያንና መዝገብ ያልተያዘላቸው አፍሪካውያን ነበሩ። ቆዳዎቹ በ1924 ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ከተሸጡ በኋላ ግን፣ ደራሲው በ1925 ቁጥሩን 135 አደረሰው። ቆዳዎቹ ለወለል ምንጣፍነት ተከርክመው ስለ ነበር፣ በሙዚየሙ የቆሙት አንበሶች በሕይወት ከነበሩት ያንሳሉ። አውሬው አነሰ፤ ቁጥሩ ገዘፈ።

ስለዚህ የሠራተኞቹን ንግግር «አጉል እምነት»፣ የደራሲውን ደግሞ «ልኬት» ብሎ መክፈል አያስኬድም። ሠራተኞቹ አንበሳው ትልቅ ነው አላሉም፤ አንበሳ አይደለም አሉ። የለወጡት መጠኑን ሳይሆን ዓይነቱን ነው።

የቀጠናችን ቋንቋዎችም ይህን ልዩነት ያውቁታል። ስዋሂሊ «ምቱ» (ሰው) ከሚለው «ጂቱ»ን፣ «ኞካ» (እባብ) ከሚለው «ጆካ»ን የሚያወጣው የስም መደቡን በመለወጥ ነው። ቅርጹ ግዝፈትን ብቻ ሳይሆን አስፈሪነትን፣ አንዳንዴም ንቀትን ይሸከማል። «ማግዘፊያ» የሚለው ስያሜ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው የሚጠቁመው። በአማርኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባልም ልጡ አልረዘመም፤ ልጥነቱን ነው ያጣው። መጠንን ለማጉላት ስንፈልግ «ተራራ የሚያህል» ብለን ልክን ከሌላ ነገር እንዋሳለን። ግርማ ያለውን ሰው «እሳቸው መጡ» ስንል ደግሞ አንዱን በብዙ ቁጥር እናረባለን፤ ይህም የሚነካው ቁጥርን እንጂ ቁመትን አይደለም።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በ2009 የአንበሶቹን ፀጉርና አጥንት ኬሚካዊ ይዘት የመረመረ ጥናት የተበሉትን ሰዎች ወደ 35 ገምቷል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ የተበላውን እንጂ ተገድሎ የተተወውን ሊያይ አይችልም። 135ን እንዳለ የሚቀበል ሙታኑን የአውሬው ዝና ማድመቂያ ያደርጋቸዋል፤ «ፍርሃት የወለደው ግነት ነው» ብሎ የሚያልፍም መዝገብ የተነፈጋቸውን አፍሪካውያን ዳግመኛ ከቁጥር ያወጣቸዋል።

እንግዲህ የፍርሃት ትረካዎችን የምንሰበስብ የቋንቋ አጥኚዎች መጠንን፣ ዓይነትንና ቁጥርን ለየብቻ ልንመዘግብ ይገባል። ተናጋሪው «ጋኔን ነው» ሲል «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ መተርጎም እሱ ያላለውን ማስባል ነው።