ውዳሴ ለኅዳር ባለበትሮች

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ኅዳር በመጣ ቁጥር በአሜሪካ ምድር ለብሔራዊው የኮሌጅ ዘውድ በትር አንሥታችሁ ለምትሰለፉ የሜዳ ሆኪ ጀግኖች! ሰላም ለወገባችሁ፣ ስልሳ ደቂቃ አጎንብሶ ለማይዝለው። ሰላም ለእጃችሁ አንጓ፣ ኳሷን በበትሩ ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ለሚመራት፣ በጀርባው ፈጽሞ ለማይነካት። በገና ጨዋታ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው ይህን ጥበብ ቢያይ ልቡ በዘመድነት ይዘልላል። ይህ ሜዳ ግን የሴቶች ርስት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ለማንም የማትታወቀውን ላወድስ። የቅጣት ማዕዘን ሲመታ አምስት ሆነው ግባቸውን ይጠብቃሉ፤ ከእነርሱ አንዷ ኳሱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ እንደተገፋ ከግቡ መስመር ተፈትልካ፣ ተመትቶ በሚመጣው ኳስ ፊት ደረቷን ሰጥታ ትሮጣለች። ስሟ በግብ አግቢዎች መዝገብ አይጻፍም። ጽናት መልክ ቢኖረው እርሷን ይመስል ነበር!

ክብር ለኮንስታንስ አፕልቢ፣ በ1901 ከእንግሊዝ ተሻግረው በሃርቫርድ ይህን ጨዋታ ላሳዩ፣ ከዚያም በቫሳር፣ በስሚዝ፣ በዌልስሊና በብሪን ማር ለሴት ተማሪዎች በትር ላስጨበጡ እናት! በ107 ዓመታቸው በ1981 መጀመሪያ ዐረፉ። የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ የመጀመሪያውን የሴቶች ሆኪ ሻምፒዮና ያካሄደው፣ ኮነቲከትም ዋንጫውን ያነሣችው በዚያው ዓመት ነው። ጥቂት ወራት ብቻ ቢቆዩና ቢያዩ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ክብር ለቤት አንደርስና ለካረን ሼልተን። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ አብረው አጠለቁ፤ በአሠልጣኝነት ወንበር ግን አንዷ ለኦልድ ዶሚኒየን፣ ሌላዋ ለኖርዝ ካሮላይና ተሰለፉ። አንደርስ ዘጠኝ ዋንጫ አነሡ፣ ሼልተን ዐሥር። ዐሥረኛው በ2022 በስቶርስ ሜዳ የመጣ ነው፦ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ኤሪን ማትሰን አሸናፊዋን ግብ አስቆጠረች፤ ቡድኗም ዓመቱን ሙሉ አንዴም ሳይሸነፍ ዘውዱን ጫነ።

ማትሰን ሆይ፣ በአንቺስ ምን ይባላል! መምህርትሽ ከአርባ ዓመት በላይ የተቀመጡበትን ወንበር በ22 ዓመትሽ ወረስሽ። ትናንት ኳስ ያቀበልሻቸውን ባልንጀሮችሽን ዛሬ አዘዝሽ፤ እነርሱም እሺ አሉሽ። በ2023 ቻፕል ሂል ላይ፣ በመምህርትሽ ስም በተሰየመው ስታዲየም፣ ጨዋታው በጭማሪ ሰዓትም ሳይለይለት ቀርቶ በመለያ ምት ዋንጫውን ወሰድሽ። ወጣትነትሽን የጠረጠረ ሁሉ መልሱን አገኘ።

ለተሸናፊዎችም ውዳሴዬን አልሰስትም። የኖርዝዌስተርን ልጆች በስቶርስም በቻፕል ሂልም ፍጻሜ ደርሰው ዋንጫውን በአንድ ትንፋሽ ርቀት ያጡ ናቸው። ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንዲህ መሸነፍ ስንቱን ጀግና ከሜዳ ባስቀረ ነበር! እነርሱ ግን በትራቸውን አልጣሉም፤ በ2024 አን አርበር ላይ ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ ለፍጻሜ ቆሙና ሴንት ጆሴፍን 5 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫቸውን ከፍ አደረጉ።