የጥንቸሏ ጂን ካርታ፦ ምን አሳየን? ምንስ አመለጠው?

እስቲ የባዮሎጂ መጽሐፋችሁን ግለጡ። ጂን በተሳለበት ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ ቀጥ ያለ፣ ያልተቆራረጠ መስመር ነው። ሥዕሉ ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ እውነታውን ግን አያሳይም። ለምን? ይህን ለማየት አንድ የቆየ ጥናት አብረን እንገምግም፦ አሌክ ጄፍሪስ እና ሪቻርድ ፍላቬል እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ጥንቸል ቤታ ግሎቢን ጂን ያሳተሙትን።

ቤታ ግሎቢን ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን አካል ነው። 146 አሚኖ አሲዶች ስላሉት 438 የዲኤንኤ ፊደላት ይበቁታል። ታዲያ ጂኑ ከዚህ ለምን ይረዝማል?

ተመራማሪዎቹ ጂኑን ፊደል በፊደል አላነበቡትም። የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ሲያገኙ ብቻ የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን እንደ መቀስ ተጠቀሙ። ቁርጥራጮቹን በጄል ላይ በርዝመት ለዩ፤ ከዚያም ራዲዮአክቲቭ ምልክት ባለው የግሎቢን ቅጂ ጂኑ ያለበትን ቁራጭ ፈልገው አገኙ። ከአር ኤን ኤ በተሠራው ቅጂ ላይ ሁለት የመቁረጫ ቦታዎች የሚራራቁት ከ100 ፊደል ባነሰ ነው። በጥንቸሏ ዲኤንኤ ላይ ግን በመካከላቸው 600 ያህል ፊደላት ተሰንቅረው ተገኙ! ዛሬ ኢንትሮን የምንለው ይህን ነው።

የጥናቱ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የተቆራረጡ ጂኖች በአንድ ቫይረስ ላይ ታይተው ነበር፤ «የቫይረስ ጠባይ ነው» ብሎ ማለፍ ግን ይቻል ነበር። እነዚህ ሰዎች አጥቢ እንስሳ ላይ አሳዩት። ደግሞም ጂኑን በባክቴሪያ ውስጥ ሳያባዙ በቀጥታ ከጥንቸሏ ዲኤንኤ ስለለኩት፣ «ባክቴሪያው አበላሽቶት ነው» የሚል ተቃውሞ ቦታ አጣ።

ድክመቱስ? በጄል ላይ ርዝመት የሚለካው በግምት ነው። ስለዚህ በዚያው ጂን ውስጥ ያለ ሌላ፣ 126 ፊደል ብቻ የሆነ ትንሽ ኢንትሮን አመለጣቸው። እሱ የታወቀው በኋላ ጂኑ ተባዝቶ በቅርበት ሲመረመር ነው። ካርታው አልዋሸም፤ ግን ጎዶሎ ነበር።

«126 ፊደል ምን ዋጋ አለው?» እንዳትሉ። በሰው ጂን ላይ በዚሁ ቦታ ትንሽ ኢንትሮን አለ። እዚያ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ስትለወጥ ሴሉ አር ኤን ኤውን በተሳሳተ ቦታ ቆርጦ ይቀጥለዋል፤ ውጤቱም ቤታ ታላሴሚያ የተባለ ከባድ የደም ማነስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን የማይሠራው ቁራጭ እኮ ሰው ያሳምማል!

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ቀጥ ያለ መስመር ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ካርታ የተሠራው በምን መለኪያ ነው? ያ መለኪያስ ምን ማየት አይችልም?