የመንጋጋ መገጣጠሚያ ልም አጥንት ጥገና፦ ከቤተ ሙከራ እስከ ጂንካ

የመንጋጋ መገጣጠሚያ በማኘክም ሆነ በመናገር ጊዜ ዕረፍት የለውም። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባል ልም አጥንታዊ ትራስ ይገኛል፤ ይህም ከተጎዳ በራሱ የመዳን አቅሙ አነስተኛ ነው። ስለሆነም የህብረህዋስ ምህንድስና፣ ማለትም በቤተ ሙከራ ከተባዙ ህዋሳት ምትክ የመሥራት ጥበብ፣ ተስፋ ተጥሎበታል።

በ2018 እ.ኤ.አ. በሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜዲስን መጽሔት የወጣው የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ጥናት ከዚህ ዘርፍ ምስጉን ሥራዎች አንዱ ነው። ከአሳማ የጎድን ልም አጥንት ህዋሳት የተሠራ ምትክ በሌሎች አሳማዎች ዲስክ ውስጥ ተተክሎ ከ8 ሳምንት በኋላ ጉዳቱን ሲጠግን ታይቷል። የምትኩ ጥንካሬ መለካቱም ያስመሰግናል፤ በ1980ዎቹ ከፕሮፕላስትና ከቴፍሎን የተሠራው ምትክ የማኘክን ጫና ሳይችል ተሰባብሮ የብዙ ሕሙማንን አጥንት አስበልቷልና።

ይሁን እንጂ የተጠገነው ጉዳት በጤነኛ እንስሳ ላይ ሆን ተብሎ የተፈጠረ ነው። ለዓመታት የቆየ ሕመም የለበትም፤ 8 ሳምንትም ስለ ዘላቂነቱ ለመፍረድ አይበቃም።

ደቡብ ኦሞ ሲነሳ የእንግዳ ዓይን የሚያርፈው በሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ ላይ ነው። ሐኪምን ሊያሳስበው የሚገባው ግን በአገጩ ወድቆ ወይም ያልታከመ የጆሮ መግል ወደ መገጣጠሚያው ዘልቆ መንጋጋው የተቆለፈበት ሕፃን ነው። አፉ አይከፈትም፣ አገጩ በወጉ አያድግም፣ በእንቅልፉ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ለማደንዘዣም የመተንፈሻ ቱቦ በአፉ ማስገባት ያዳግታል። የተለመደው ሕክምና የተጣበቀውን አጥንት ቆርጦ ክፍተቱን በጡንቻ መለየት፣ በሚያድግ ልጅም የራሱን የጎድን አጥንት ከነልም አጥንቱ መትከል ነው። ጎድኑ ግን አንዳንዴ ከልክ በላይ ያድጋል፤ መገጣጠሚያውም እንደገና ሊጣበቅ ይችላል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና ከጂንካ አዲስ አበባ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ የተሻለ ምትክ አጥብቆ የሚሻው ይህ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ የተጠቀሰው ጥናት የሳሳ ዲስክን እንጂ የተቆለፈ መንጋጋን አልፈተነም። ቀጣዩ ምርምር በተጣበቀ መገጣጠሚያ ላይ ይሞከር፤ ውጤቱም በአጉሊ መነጽር ብቻ ሳይሆን አፍ በሚከፈትበት ሚሊሜትር ለዓመታት ይለካ። እስከዚያው በአገጩ የወደቀን ልጅ መንጋጋ መመርመር፣ አፍ የመክፈት እንቅስቃሴን በጊዜው ማስጀመርና የጆሮ መግልን ማከም የህብረህዋስ ቤተ ሙከራ አይጠይቁም፤ በጂንካም ይቻላሉ።