የዌብ አገልግሎቶችን በራስ-ሰር ማቀናጀት፦ ዕቅዱ ሳይሆን መግለጫው

ቲም በርነርስ ሊ፣ ጄምስ ሄንድለርና ኦራ ላሲላ እ.ኤ.አ. በሜይ 2001 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ወንድምና እህት ለእናታቸው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ እንዲይዝ ሶፍትዌር ያዛሉ። ሶፍትዌሩ ኢንሹራንሱ የሚሸፍናቸውን ክሊኒኮች ይለያል፤ ክፍት ሰዓታቸውንም ከልጆቹ ፕሮግራም ጋር ያገናዝባል። ይህ የምናብ ታሪክ ለተመራማሪዎች ትልቅ የቤት ሥራ ሆነ፦ ለየብቻ የተሠሩ አገልግሎቶችን ማሽን ራሱ መርጦና አያይዞ ከአንድ ግብ እንዲደርስ ማድረግ።

ለዚህ ማሽኑ እያንዳንዱ አገልግሎት ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነበረበት። በጊዜው የተለመደው የአገልግሎት መግለጫ ቋንቋ ደብሊው ኤስ ዲ ኤል አንድ አገልግሎት ቁጥር እንደሚመልስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ዋጋ ይሁን ዕድሜ ግን አይናገርም። በ2004 የዌብ ደረጃዎችን ለሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የቀረበው ኦውል ኤስ የተባለ የመግለጫ ቋንቋ ጉድለቱን ለመሙላት ግብዓትና ውጤትን፣ አስቀድሞ መሟላት ያለበትን ሁኔታና ከጥሪው በኋላ የሚለወጠውን ነገር በኦንቶሎጂ፣ ማለትም ማሽን በሚረዳው የጽንሰ-ሐሳቦች ሥርዓት፣ ገለጸ። በዚህም ማቀናጀት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአሥርተ ዓመታት ያጠናው የዕቅድ ማውጣት ጥያቄ ሆነ።

አንዳንዶች ግቡን ብቻ ይዘው ሰንሰለቱን ከባዶ ፈለጉ። አገልግሎቶች ሲበዙ ግን ሊፈተሹ የሚገባቸው ጥምረቶች ከአቅም በላይ ይሆናሉ። የተሻለውን መንገድ ያሳዩት ሺላ ማክኢልሬይዝና ትራን ካኦ ሶን ናቸው። በ2002 ያቀረቡት ሥራ ጎሎግ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አጠቃላይ የአሠራር ንድፍ ተጠቃሚው በሚፈልገው መሠረት በማሽን እንዲሟላ ያደርጋል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ሾፕ 2 የተባለው ዕቅድ አውጪ ትልቁን ተግባር ወደ ትናንሽ ተግባራት እየከፋፈለ ከኦውል ኤስ መግለጫዎች ዕቅድ አወጣ። ሰው የሚያውቀውን አሠራር ለማሽኑ ማስረከብ ሽንፈት አልነበረም፤ ዘርፉን ወደ እውነታው ያቀረበው ይኸው ነው።

ሁለቱም ሥራዎች ግን አንድ ስስ ቦታ አላቸው። የበረራ ዋጋን የመሰለ መረጃ የሚሰጡትን አገልግሎቶች ዕቅዱ እየወጣ ሳለ በእውን ይጠራሉ፤ ቲኬት እንደመቁረጥ ያሉትን በስሌት ብቻ ይሞክራሉ። ይህ የሚያዋጣው የተሰበሰበው መረጃ ዕቅዱ እስኪፈጸም ሳይለወጥ ከቆየ ነው። ሲታቀድ ክፍት የነበረ ወንበር ሲከፈል ተይዞ ይገኛል። ለዚያው ጉዞ የሆቴል ሒሳብ አስቀድሞ ተከፍሎ ከሆነስ? ገንዘቡን የማስመለሱ ሥራ በዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ ማሽኑ መውጫ የለውም።

ያም ሆኖ ዘርፉን የገታው የዕቅድ ስልት ድክመት አይመስልም። መግለጫውን የሚጽፈው አገልግሎት ሰጪው ነው፤ ጥቅሙ ግን በአብዛኛው የሌላ ነው። አይቢኤም፣ ማይክሮሶፍትና ኤስኤፒ ያስተዳድሩት የነበረው ይፋዊው የዌብ አገልግሎቶች መዝገብ ዩዲዲአይ እንኳ በ2006 መጀመሪያ ተዘግቷል፤ እሱ የጠየቀው ከኦውል ኤስ እጅግ ያነሰ ነበር።

ዛሬ ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች በተራ ቋንቋ የተጻፈ ማብራሪያ አንብበው የሚጠሩትን ኤፒአይ (የአገልግሎት መጥሪያ በይነገጽ) ይመርጣሉ። የመግለጫው ዋጋ ወረደ፤ ዋስትናውም አብሮ ወረደ። ሾፕ 2 ያወጣው ዕቅድ ከመግለጫዎቹ ጋር መስማማቱን በሎጂክ ማሳየት ይቻል ነበር፤ ሞዴሉ አሳማኝ ሰንሰለት ሲያቀርብ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አይሰጥም። ስለዚህ የኦውል ኤስን ውርስ በሙሉ መጣል ስህተት ይሆናል። መረጃ ፍለጋው ለሞዴሉ ይተው፤ ገንዘብ ለሚያንቀሳቅሱ፣ ቀጠሮ ለሚሰርዙና መድኃኒት ለሚያዙ አገልግሎቶች ግን ቅድመ ሁኔታው፣ ውጤቱና የማካካሻው መንገድ በመደበኛ ቋንቋ ተጽፎ ከጥሪው በፊት ይፈተሽ። እነዚህ ከጠቅላላው ጥቂቶቹ ስለሆኑ፣ በ2004 ለሁሉም ሲጠየቅ የከበደው የመግለጫ ሥራ ለእነሱ ብቻ ሲሆን ይቻላል።