ጥሩ ማክሮ በምን ይለያል?

ማክሮ ኮድ የሚጽፍ ኮድ ነው። ስመዝነው የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሚጠቀምበት ሰው ውስጡን ሳያይ ሊያምነው ይችላል? ግማሹን ኃላፊነት ቋንቋው ይሸከማል፤ የቀረው በጸሐፊው እጅ ነው።

በሲ ቋንቋ ግን ሸክሙ ሁሉ ማለት ይቻላል የጸሐፊው ነው። ፕሪፕሮሰሰሩ የሲን ሰዋስው አያውቅም፤ ቃልና ምልክት ይተካል እንጂ። ካሬ የሚያወጣ ማክሮ ሀ*ሀ ተብሎ ተጽፎ 1+2 ቢሰጠው፣ ወደ 1+2*1+2 ይዘረጋና 9 ሳይሆን 5 ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ቅንፎቹን ነው፤ እያንዳንዱ ግብዓትም ጠቅላላ ስሌቱም በቅንፍ መታቀፍ አለባቸው። ቅንፍ የማያድነው ሌላ ጥፋትም አለ። ግብዓቱ ከፋይል ቁጥር የሚያነብ ፈንክሽን ከሆነ ሁለቴ ይጠራል፤ የሚባዙትም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ፈንክሽን በሚበቃበት ቦታ ማክሮ የማይጽፍ የሲ ባለሙያ እኔ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው።

የሊስፕ ማክሮ የሚቀበለው ጥሬ ጽሑፍ ሳይሆን የኮዱን መዋቅር ስለሆነ የቅንፉ ጣጣ አይነሳም። ግብዓቱን አንዴ አስልቶ ቫሪያብል ውስጥ ማስቀመጥም ቀላል ነው። አደጋው የሚወለደው እዚሁ ላይ ነው፤ የዚያ ቫሪያብል ስም ከተጠቃሚው ቫሪያብል ስም ጋር ከተገጣጠመ ፕሮግራሙ ምንም ሳያስጠነቅቅ የተሳሳተ ውጤት ሊያወጣ ይችላል። ጠንቃቃ የኮመን ሊስፕ ጸሐፊ ጄንሲም (gensym) በተባለው ፈንክሽን ከማንም ጋር የማይጋጭ ስም ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኮልቤከር፣ ፍሪድማን፣ ፈላይሰንና ዱባ ይህን ጥንቃቄ ከጸሐፊው ወደ ቋንቋው የሚያዛውር ዘዴ አቀረቡ፤ የሊስፕ ዘር የሆነው ስኪም የሚታወቅበት ሃይጂኒክ ማክሮ መነሻው ይህ ሥራ ነው።

ሃይጂን ግን የሚጠብቀው ስምን ነው፤ ስሌቱ ስንት ጊዜ እንደሚካሄድ አይቆጣጠርም። በራስት ቋንቋ ማክሮ 1+2 እንደ አንድ ስሌት ሊያዝ ስለሚችል ካሬው 9 ይሆናል፤ ግብዓቱ በማክሮው ውስጥ ሁለቴ ከተጻፈ ግን ፈንክሽኑ እዚህም ሁለቴ ይጠራል። ቋንቋው ዘመናዊ ነው ብሎ ይህን ሳይመረምሩ ማለፍ ስንፍና ነው። ከዚህም ሌላ የራስት ተራ ማክሮዎች ጥበቃ የውስጥ ቫሪያብሎችን እንጂ ማክሮው የሚጠራቸውን ፈንክሽኖች አይሸፍንም። ለሌሎች የሚሰራጭ ማክሮ የራሱን ላይብረሪ ፈንክሽኖች በዶላር ክሬት ($crate) ካልጠቀሰ፣ በቤቱ ሠርቶ በሰው ፕሮጀክት ውስጥ ሊሰበር ይችላል።

በመጨረሻ ሆን ብዬ የተሳሳተ ግብዓት እሰጠዋለሁ። ኮምፓይለሩ እኔ የጻፍኩትን መስመር ካመለከተኝ ጸሐፊው አስቦልኛል፤ ያልጻፍኩትን የተዘረጋ ኮድ ከዘረገፈብኝ ግን ማክሮውን አልቀበለውም።