የሙታን ቁጥርና ቈጣሪው

የጅቡቲ መንግሥት በኮሮና ሞቱ ብሎ ለዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቀው 189 ሰው ነው። በየክፍሉ የሚገለበጠው ሠንጠረዥ «የሞቱት 189 ናቸው» ይላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም፤ የሒሳብ መምህራን ይፍረዱን። አኀዙ የተመዘገበውን እንጂ የሞተውን ሁሉ አይገልጽም። በጅቡቲ ከተማ በባልባላ ሠፈር ሳይመረመር ከቤቱ ወደ መቃብር የሄደ ቢኖር በየትኛው ረድፍ ይገባል?

ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደ ገመተው፣ በ2020 እና በ2021 በዓለም ላይ ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ መንግሥታት ያስታወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ግምቱ በወረርሽኙ ሳቢያ ሕክምና አጥቶ የሞተውንም ይጨምራል። ስለዚህ ተማሪው ከቁጥሩ አጠገብ «ማን፣ ምኑን ቈጠረ?» የሚል ዓምድ ያስምር እንላለን። የፔሩ መንግሥት በ2021 መዝገቡን መርምሮ፣ 69 ሺህ ይለው የነበረውን ከ180 ሺህ በላይ ብሎ አርሟል።